ታኬታው ከተሰቀለ በኋላ

365 ጨዋታ፣ 318 ጎል። የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዘመን በቁጥር ሲነገር ይኸው ነው። 23 ዓመት በአንድ ክለብ፣ በአንድ ማሊያ፣ በመሐል አጥቂነት። አንድ አጥቂ በሁለት ጨዋታ አንድ ጎል ካገባ ዛሬ ክለቦች ይሻሙበታል። አቶ ይድነቃቸው በአሥር ጨዋታ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋ ጎል ያገቡ ነበር፤ ያውም አንድ ሁለት ዓመት ሳይሆን የወጣትነት ዕድሜያቸውን በሙሉ።

የተወለዱት ጅማ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1914፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ከጅማ ተነሥቶ በአጋሮና በበደሌ፣ በያዮና በሁሩሙ አድርጎ መቱ የሚገባውን መንገድ የለመደ የኢሉባቦር ሰው እሳቸውን እንደ ሩቅ አገር ሰው ሊቆጥራቸው አይችልም። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት ባለ ቅኔ። የአባትየው ድምፅ በሸክላ ቀርቶልናል። የልጅየው ጎሎች ግን በፊልም አልቀሩልንም። አቶ ይድነቃቸው ኳስ መጫወት ያቆሙት በ1950 ሲሆን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚያገቡ፣ በየትኛው እግር እንደሚያዘወትሩ፣ በቴስታ ጎበዝ ይሁኑ አይሁኑ ዓይተን ልንፈርድ አንችልም። ያለን ቁጥሩና ከቁጥሩ በኋላ የሠሩት ሥራ ነው። ይህ ምዕራፍ ይበልጥ የሚያዘነብለው ወደ ሁለተኛው ነው፤ አንድ አጥቂ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በውስጡ ያለው እውቀት ወዴት ይሄዳል?

ቅዱስ ጊዮርጊስ አራዳ ላይ ሲመሠረት ታኅሣሥ 1928 ነበር። ይድነቃቸው ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ናቸው። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ ሲሰደዱ እንደራሴ ሆነው የቀሩት ራስ እምሩ ወደ ጎሬ አመሩ፤ ኢሉባቦርም ለጥቂት ወራት የነፃው መንግሥት የመጨረሻ መጠጊያ ሆነች። ጎሬ ላይ ስለ አገር ህልውና ሲመከር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ወራሪው የአገሬውን ሰው ከነጭ ለይቶ በየሰፈሩ እንዲጫወት የሚያደርግበት ዘመን ተጀመረ። የጊዮርጊስ ልጆች ኳስን የተማሩት በዚህ መለያየት ውስጥ ነው። አቶ ይድነቃቸው በኋላ ዘመን በዘር መለያየት ላይ ያሳዩት የማይበገር አቋም መነሻው ቤተ መጻሕፍት አልነበረም፤ በወጣትነታቸው የኖሩት ነው።

ከነፃነት በኋላ በ1936 በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሊግ ውድድር ሲካሄድ ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነበሩ። የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ የኢጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ቅዱስ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከአምስቱ የአገሬው ልጆች ቡድን አንድ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1942 ነው፤ አቶ ይድነቃቸው ያኔ 28 ዓመታቸው ነበር፤ አጥቂ ከሚበስልበት ዕድሜ ላይ።

ስለ አጥቂ መብሰል ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በአንድ የ90 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ የመሐል አጥቂ ኳስ በእግሩ ይዞ የሚቆየው ተደምሮ ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም። የቀረውን ጊዜ ያለ ኳስ ነው የሚያሳልፈው። ሥራው ያ ነው፤ ተከላካዩ ኳሷን ሲያይ እሱ የተከላካዩን ትከሻ ያያል። ኳስ ከመስመር ስትሻገር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ተከላካዩን ያዘናጋውና በድንገት ከፊቱ ይቀድመዋል። ይህቺ አንዲት እርምጃ ቀድማ ከተነሣች ኦፍሳይድ ነው፤ ከዘገየች ኳሷ በረኛው እቅፍ ውስጥ ናት። ሰዓቷን መጽሐፍ አያስተምራትም፤ በልምምድ ሜዳም ሙሉ ለሙሉ አትገኝም። የምትገኘው ሊያስቆምህ ከቆረጠ ተከላካይ ጋር፣ ውጤት በሚቆጠርበት እውነተኛ ጨዋታ ውስጥ ነው። እያመለጠችህ፣ እያመለጠችህ አንድ ቀን ትይዛታለህ።

ከ30 ዓመት በኋላ አብዛኛው አጥቂ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በሩጫ ብቻ ያገባ የነበረው ያኔ ያበቃለታል። ያቺን እርምጃ የተማረው ግን ሁለት ሜትር ቀድሞ ስለሚያስብ፣ ሁለት ሜትር ቀድሞ መሮጥ አያስፈልገውም። አቶ ይድነቃቸው እስከ 36 ዓመታቸው ፊት መስመር ላይ ቆይተዋል። ፊልም ባይኖርም እዚህ ላይ በልበ ሙሉነት መናገር ይቻላል፤ እዚያ ዕድሜ ድረስ በእግሩ ጉልበት ብቻ ጎል ሲያገባ የኖረ ሰው የለም።

እየተጫወቱም ቢሆን ሥራቸው ሜዳ ላይ ብቻ አልነበረም። የኳስ ሕግን ወደ አማርኛ የመለሱት፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤትና ፌዴሬሽን በማቋቋሙ ሥራ የተሰለፉት ገና ታኬታቸውን ሳይሰቅሉ ነው። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ከመሥራቾች አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ጎል ማግባት እጅግ ከብዷት ነበር። በ1949 የመጀመሪያው ዋንጫ ላይ ለፍጻሜ የደረሰችው ያለ ጨዋታ ነው፤ ተጋጣሚዋ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ስለወጣች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የተባለው አጥቂ ነው። በ1951 ካይሮ ላይ እንደገና በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተሸነፈች። በሁለት ዋንጫ ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ገብቶባት አንድም አላገባችም።

ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ፤ ጥር 1954። አሠልጣኙ ከአራት ዓመት በፊት ጫማ የሰቀሉት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ፊት መስመር ላይ ካሰለፏቸው አንዱ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ያለ የክለባቸው ልጅ ነው፤ መንግሥቱ ወርቁ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች፤ ሁለቱን መንግሥቱ አገባ። በፍጻሜው ጥር 13 ቀን የመጣችው ያቺው ግብፅ ናት። የግብፁ ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ አገባ። ኢትዮጵያ በ74ኛው አቻ ሆነች፤ ባዳዊ አንድ ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና አገባ። ይህ ብዙ ቡድን የሚሰበርበት ሰዓት ነው። አልተሰበሩም፤ በ84ኛው ደቂቃ 2 ለ 2። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አስቀደማቸው፤ ሊያበቃ ደቂቃዎች ሲቀሩት መንግሥቱ አራተኛውን ጨመረ። መንግሥቱና ባዳዊ በሦስት ሦስት ጎል የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢዎች ሆኑ።

በሦስት ጨዋታ ዜሮ የነበረው በሁለት ጨዋታ ስምንት ሆነ። የራስ ሜዳና የራስ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በአገር ሜዳ ተጫውተው ጎል ያጡ ቡድኖችም ሞልተዋል። እኔ የማምነው፣ ጎል እንዴት እንደሚገባ በ365 ጨዋታ የተማረ ሰው ከመስመሩ አጠገብ መቆሙ ለውጥ አምጥቷል ብዬ ነው። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ አባቱ ኢጣሊያዊ ስለሆነ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ እሱ እንዳይቀበል የፈለጉ ባለሥልጣናት ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው እምቢ አሉ። ዋንጫውን የተቀበለው ሉቺያኖ ነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ፊት መስመር ሆነ። በአፍሪካ ዋንጫ በአጠቃላይ 10 ጎል አግብቷል፤ ከእኛ አገር ሰው እስካሁን የደረሰበት የለም። የክለብ ዕድሜው በሙሉ ያለፈው በጊዮርጊስ ነው። ጫማውን ከሰቀለም በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1974 ሊቢያ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያን ቡድን የመራው እሱ ነው። ያ ውድድር ልብ ይነካል። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ካሸነፈችው አልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጡ። አልጄሪያን መግታት ቀላል አይደለም። ነገር ግን በዚህ መድረክ 10 ጎል ያገባው ሰው የመራው ቡድን አንድም ሳያገባ ተመለሰ። አሠልጣኝ ምን ቢያውቅ ያቺን እርምጃ በአንድ የዝግጅት ወቅት ለተጫዋች ሊሰጠው አይችልም። ከልጅነቱ ጀምሮ በጨዋታ ብዛት ያልሠራት አጥቂ ብሔራዊ ቡድን ሲደርስ ጊዜው አልፏል። መንግሥቱ ያረፈው በታኅሣሥ 2003 ነው።

ሌሎች አገሮች ጡረታ የወጡ አጥቂዎቻቸውን ምን አደረጓቸው? በ1949 አራት ጎል ያገባብን አድ ዲባ ዳኛ ሆነ፤ በ1960 አዲስ አበባ ላይ ኮንጎ ጋናን 1 ለ 0 ያሸነፈችበትን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ያጫወተው እሱ ነው። በ1951 ካይሮ ላይ ሦስት ጎል ያገባብን ማሕሙድ ኤል ጎሃሪ ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ ግብፅን በ1990 የአፍሪካ ሻምፒዮን አደረገ፤ ዋንጫውን በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም በማንሳት የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ግብፅ አጥቂዎቿን ሜዳው አካባቢ አቆየቻቸው።

የእኛ ትልቁ አጥቂ ግን ከሜዳው ይልቅ ወደ ጉባኤው ነው ያመሩት። አፍሪካ በዚያ እጅግ ተጠቅማለች። የ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ሲመጣ ለአፍሪካ አንድ ቋሚ ቦታ እንኳ አልተሰጣትም ነበር፤ አሸናፊዋ ከእስያ አሸናፊ ጋር ገና መጋጠም ነበረባት። አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አፍሪካ ከውድድሩ እንድትቀር አስተባበሩ፤ አፍሪካ አልሄደችም። በ1962ቱ ዋንጫ አንድ ቀጥተኛ ቦታ ተገኘ፤ ሞሮኮ ሄደችበት። በ1974 ሁለት ሆነ። በ1964 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ነሐሴ 13 ቀን 1979 እስኪያርፉ ድረስ 15 ዓመት በዚያው ወንበር ቆዩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት በ1968 ሞንትሪያል ላይ ከፊፋ ስትባረር ለዓመታት ከታገሉት ግንባር ቀደሙ እሳቸው ነበሩ።

በመጨረሻ ዘመናቸው አጥብቀው የሚከራከሩበት ሌላ ጉዳይ ነበር፤ የአፍሪካ ተጫዋቾች በገፍ ወደ አውሮፓ መሄድ። አፍሪካ ተጫዋቾቿን ገና በጥሬው እየሰጠች ለዘለዓለም የጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና እንዳትቀር ይሰጉ ነበር። ይህን ስጋት ኢሉባቦር ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ቡናው ከጫካው ተለቅሞ፣ ታጥቦ ወይም ደርቆ፣ በጆንያ ተጭኖ በበደሌ መንገድ ይወጣል፤ ዋጋው ሌላ ቦታ ይወሰናል። ነገር ግን እዚህ ላይ ከአቶ ይድነቃቸው ትንሽ እለያለሁ። ዛሬ የእኛ ችግር አጥቂዎቻችን ሳይበስሉ መሄዳቸው አይደለም። ከመጀመሪያውም አለመዘራታቸው ነው።

ቁጥሩ እዚህ አለ። ኢትዮጵያ ከ1968 ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎል ያገባችው በ2005 ነው፤ 37 ዓመት ቆይታ። ቀኑ ደግሞ ጥር 13፣ ከ1954ቱ ድል ጋር አንድ ቀን ነው። የሳላዲን ሰኢድ ፍፁም ቅጣት ምት ተመልሶ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ በዋንጫው ባለቤት በዛምቢያ ላይ አገባ። ያን ዕለት በየከተማው የሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም። በ2014 ካሜሩን ውስጥ በተካሄደው ዋንጫ ዳዋ ሁቴሳና ጌታነህ ከበደ አንድ አንድ ጨመሩ። በ1974፣ በ2005 እና በ2014 በድምሩ ዘጠኝ ጨዋታ፣ ሦስት ጎል። የ1954ቱ ቡድን በሁለት ጨዋታ ስምንት ነበር ያገባው።

የአቶ ይድነቃቸው የትውልድ ከተማ ቡድን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በዓመቱ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ኮከብ ጎል አግቢው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ኦኪኪ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። የሚያሳስበው፣ ከጅማ እስከ ጎሬ ባለው አገር ያንን ቦታ የሚይዝ ልጅ አለመገኘቱ ነው።

በኢሉባቦሯ ኖፓ ልጅ ኳስ ይወዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ጥያቄው በዓመት ስንት እውነተኛ ጨዋታ ይጫወታል የሚለው ነው። ኢሉባቦር ከኢትዮጵያ እጅግ ዝናባማ ከሆኑት አካባቢዎች አንዷ ናት፤ ዝናቡ በበልግ ጀምሮ መስከረምን አልፎ ይሄዳል። ሜዳው በእነዚያ ወራት ጭቃ ነው። የካልሲም ሆነ የጎማ ኳስ ጭቃ ላይ አትንከባለልም፤ ስትመታ ሁለት ሜትር ሄዳ ቀጥ ትላለች። ስለዚህ የኖፓ ልጅ ኳስ ወደ እሱ እስክትመጣ መጠበቅ አይችልም፤ ከምትቆምበት ቦታ ቀድሞ መድረስ አለበት። ቀድሞ የደረሰው ባዶ እግሩን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ከሥር ወደ ላይ ያነሣታል፤ የዘገየው ሸሚዙን አበላሽቶ ይነሣል። ከላይ ስለ አጥቂ እርምጃ ያልነው ይኸው ነው። ዝናቡ በራሱ ያስተምራቸዋል። ነገር ግን ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ሲደርቅ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ይሆናል፤ ልጆቹ ከቤተሰባቸው ጋር ጫካ ይገባሉ። ሜዳው ለጨዋታ ሲመች ተጫዋቹ የለም። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ በወረዳ ደረጃ የሚደረግ ውድድርም ሁለት ሦስት ጨዋታ ተጫውተው ከተሸነፉ በዚያው ያበቃል።

በጥሎ ማለፍ የሚያድግ አጥቂ የለም። የተሸነፈው ልጅ ነው ይበልጥ መጫወት ያለበት። ሊግ ማለት ይህ ነው፤ ብትሸነፍም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ጨዋታ አለህ። አቶ ይድነቃቸው በዓመት በአማካይ የተጫወቱት 16 ጨዋታ ነው። ይህ ከባድ ቁጥር አይደለም። መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ ቡሬና ኖፓ እያንዳንዳቸው አንድ የ15 ዓመት በታች ቡድን ቢያወጡና ሦስት ጊዜ ቢዞሩ ለእያንዳንዱ ልጅ 15 ጨዋታ ይደርሳል። የቡናው ለቀማ ካበቃ በኋላ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ደረቅ ሳምንታት አብዛኛው ያልቃል፤ የቀረው በክረምቱ ትምህርት ሲዘጋ፣ በጭቃውም ቢሆን።

አሠልጣኝ ከየት ይምጣ ለሚል፣ በእነዚህ ከተሞች በክለብ ተጫውተው ጫማ ሰቅለው የተመለሱ ሰዎች አሉ። አንዱ ሱቅ ይዟል፣ ሌላው በመቱ ጎዳና ባጃጅ ይነዳል፣ ሌላው ከአባቱ ቡና ማሳ ላይ ነው። ያቺን እርምጃ ያውቃሉ፤ ማንም ግን አልጠየቃቸውም። ይህን የምታነቡ የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ታውቁ ይሆናል። ጥር ከመግባቱ በፊት ሂዱና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልጆቹ ጊዜ እንዲሰጥ ለምኑት። ኳሱንና ታኬታውን እናንተ አዘጋጁ።